የሕክምና መመሪያን በየትኛው ሚዛን እንመዝን? ለከተማ ዳር ጤና ጣቢያና ክሊኒክ የሚሆን ንጽጽር

ቱሉ ዲምቱ ይሁን የካ አባዶ፣ ጀሞ ይሁን ኮዬ ፈጬ፣ ከአዲስ አበባ ዳር ያለ ጤና ጣቢያ ኦፒዲ (የተመላላሽ ሕክምና ክፍል) ውስጥ የመመሪያ እጥረት የለም። ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩበት አገራዊ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና መመሪያ፣ ኢፒኤችሲጂ፣ ጠረጴዛው ላይ አለ። ለጠቅላላ ሆስፒታል የተዘጋጀው መደበኛ የሕክምና መመሪያ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ። የቲቢው፣ የኤችአይቪው፣ የወባው ለየብቻቸው አሉ። ግድግዳው ፖስተር ነው። ስልክ ላይ ደግሞ ከቴሌግራም የወረደ የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ፒዲኤፍ አይጠፋም።

ጣጣው የሚመጣው እነዚህ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። አንዲት የ45 ዓመት ሴት መጣች እንበል። ግፊቷ ተደጋግሞ ሲለካ 134 በ84 ነው። ሌላ ሕመም የለባትም። በ2017 የወጣውን የአሜሪካ መመሪያ የሚከተለው ጤና መኮንን ካርዷ ላይ የደም ግፊት አለባት ብሎ ይጽፋል፤ በዚያ መጽሐፍ መነሻው 130 በ80 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትን የ2021 መመሪያ የሚከተለው ባልደረባው አይጽፍም። በዚህኛው እንደ እሷ ላለ ሰው መድኃኒት የሚጀመረው ከ140 በ90 ጀምሮ ነው። ሁለቱም የተናገሩት ከመጽሐፍ ነው። ሴትየዋ ግን አንድ ነች። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ለዚህ ምክንያት አለኝ፣ በኋላ እደርስበታለሁ።)

የትኛውን መጽሐፍ እንመን ለሚለው ጥያቄ የተሠሩ መመዘኛዎች አሉ። በነፃም ይገኛሉ። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስላሉ። አይደለም። እያንዳንዱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ስለዚህ ሚዛን ከመምረጣችሁ በፊት ማወቅ የፈለጋችሁትን ለዩ። መጽሐፉ እንዴት እንደተሠራ ነው? ምክሩ ለእናንተ ታካሚ ይሆን እንደሆነ ነው? ወይስ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ወስናችሁ ወደ ሥራችሁ መመለስ ነው?

አግሪ ሁለት

ከመመዘኛዎቹ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ይሄ ነው። የመጀመሪያው አግሪ በ2003 ወጣ። ተሻሽሎ አግሪ ሁለት የተባለው በ2010 ነው። 23 ጥያቄዎች አሉት። በስድስት ዘርፎች ተከፍለዋል፦ ዓላማና ወሰን፣ የባለድርሻዎች ተሳትፎ፣ የአዘገጃጀት ጥንቃቄ፣ የአቀራረብ ግልጽነት፣ ተግባራዊነት፣ ከተጽዕኖ ነፃ መሆን። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል።

ልቡ ያለው ሦስተኛው ዘርፍ ላይ ነው። ከ23ቱ ስምንቱ ጥያቄዎች የአዘገጃጀት ጥንቃቄን ይመለከታሉ። ማስረጃው እንዴት ተፈለገ? በምን መስፈርት ተመረጠ? ጥንካሬውና ድክመቱ ተነግሯል? ከማስረጃው ወደ ምክሩ የተደረሰው እንዴት ነው? ጥቅሙና ጉዳቱ ጎን ለጎን ታይቷል? የትኛው ምክር በየትኛው ማስረጃ ላይ እንደቆመ ይታወቃል? ከመታተሙ በፊት የውጭ ባለሙያ አይቶታል? መቼና እንዴት እንደሚታደስስ ተጽፏል? እነዚህን ስምንት ጥያቄዎች ብቻ በወረቀት ጽፎ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ራሱ ይጠቅማል።

መዛኞቹ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል አራት ይሁኑ ይላል የአጠቃቀም መመሪያው። ለአንድ ሰው አንድ መመሪያ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል ተብሎ ይገመታል። የእኛዎቹ መጽሐፎች በመቶ የሚቆጠር ገጽ አላቸውና ከዚያ በላይ ያዙ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሁለት ሰው ስምንቱን ጥያቄ ሞሉ እንበል። ሁለቱም ሁሉንም 7 ቢሰጡ ድምሩ 112 ይሆናል። ሁሉንም 1 ቢሰጡ 16። የእናንተ ድምር 40 ከሆነ፣ ከ40 ላይ 16 ቀንሱ፣ 24። ከ112 ላይ 16 ቀንሱ፣ 96። 24ን ለ96 ስታካፍሉ 25 በመቶ ይመጣል።

ታዲያ መመሪያው ወደቀ? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ 50 ማለፊያ ነው ብለን ስላደግን እንዲያ ማለት ይቀናናል። አግሪ ግን የማለፊያ ነጥብ አላስቀመጠም። ስድስቱን ዘርፎች አንድ ላይ ደምሮ «ይሄ መመሪያ 58 አገኘ» ማለትም አይፈቀድም። እያንዳንዱ ዘርፍ ለብቻው ይነበባል።

ሌላም ነገር አለ። አግሪ የሚመዝነው የተጻፈውን ነው። አንድ አገራዊ መመሪያ ያዘጋጁት ባለሙያዎች አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል ገብተው ቀን ከሌት ጥናት ሲያገላብጡ ሰንብተው ሊሆን ይችላል። መጽሐፉ ያን ካልተናገረ ነጥቡ 1 ነው። ዝቅተኛ ነጥብ «ምክሩ ስህተት ነው» አይልም። «እንዴት እዚህ እንደደረሱ አላሳዩንም» ነው የሚለው። ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ፤ ስብሰባ ላይ ግን ቶሎ ይምታታሉ።

ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በ2010 የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ በመጀመሪያው አግሪ የተመዘኑ 626 መመሪያዎችን አሰባስቦ ነበር። በአማካይ ዓላማና ወሰን 64 በመቶ፣ ግልጽነት 60፣ የአዘገጃጀት ጥንቃቄ 43፣ የባለድርሻዎች ተሳትፎ 35፣ ነፃነት 30 አገኙ። ተግባራዊነት 22 ብቻ። ብዙዎቹ የሀብታም አገር መጽሐፎች ናቸው። አምረው ይጻፋሉ፣ ሥራ ላይ እንዴት እንደሚውሉ ግን አይነግሩም።

ኢፒኤችሲጂን ስትመዝኑ አንድ ነገር አትርሱ። ከባዶ የተጻፈ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ከተዘጋጀው ፓክ ከሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና መመሪያ ተወስዶ ለእኛ አገር የተስተካከለ ነው። ስለዚህ ማስረጃው እንዴት ተፈለገ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ግማሹ ያለው እናቱ ጋ ነው። የእናቱን ሰነድ ሳያዩ ልጁ ላይ 1 መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው። የእኛ ድርሻ የሚጠየቀው ማስተካከሉ ላይ ነው፦ ምን ተቀየረ፣ ለምን ተቀየረ፣ ማን ወሰነ?

ነፃነት የሚለው ዘርፍ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ ግን አትዝለሉት። የእኛ መመሪያዎች መግቢያ ላይ አጋር ድርጅቶች ይመሰገናሉ፣ አርማቸውም ሽፋኑ ላይ ይደረደራል። ምስጋና ግን መግለጫ አይደለም። የሚፈለገው፣ ገንዘብ የሰጠው አካል ምክሩ ላይ እጁን አላስገባም የሚል ዓረፍተ ነገር፣ የአዘጋጆቹም የጥቅም ግንኙነት አንድ በአንድ ተጽፎ መገኘት ነው። የመድኃኒት ድርጅት ወኪል በእጁ ይዞ የመጣውን የሚያምር ብሮሹር ደግሞ ለሚዛን እንኳ አታቅርቡት።

አግሪ ሬክስ

አግሪ ሁለት መጽሐፉን ሲመዝን፣ ሬክስ ምክሩን ይመዝናል። ዘጠኝ ጥያቄ ነው። ምክሩ ለሚሠራበት ባለሙያና ለሚታከመው ሰው ይሆናል ወይ? የታካሚው፣ የባለሙያው፣ የበጀት ያዡ ፍላጎት ታስቧል ወይ? እዚህ አካባቢ ቢተገበር ይሳካል ወይ?

ለከተማ ዳር ተቋም ከሁሉም የሚቀርበው ይሄ ነው ባይ ነኝ። ያችን የ45 ዓመት ሴት እንውሰድ። በ2017ቱ የአሜሪካ መመሪያ መሠረት መድኃኒት ትጀምር አትጀምር የሚወሰነው በአሥር ዓመት ውስጥ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድሏ ተሰልቶ ነው። ስሌቱ ኮሌስትሮል ይፈልጋል። ከአሜሪካ ሕዝብ መረጃ የተሠራ ስለሆነም ጥቁር ነሽ ነጭ ብሎ ይጠይቃል። ላቦራቶሪያችሁ ኮሌስትሮል የማይሠራ ከሆነ ስሌቱ በር ላይ ቀረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣቸው ሰንጠረዦች ግን በየቀጣናው የተዘጋጁ ናቸው። ለምሥራቅ አፍሪካ የራሱ አለው። ላቦራቶሪ ለሌለው ደግሞ በኮሌስትሮል ፋንታ ቁመትንና ክብደትን የሚጠቀም ሌላ ሰንጠረዥ አለ። በአግሪ ሁለት የአሜሪካው ብዙ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ሬክስ ላይ ሲደርስ ግን ቱሉ ዲምቱ ላይ ይሰናከላል።

የሬክስ ድክመቱ፣ ብዙ ምክር ያለበትን ትልቅ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ መመዘን አይመችም። አንድ ርዕስ መምረጥ ይሻላል። ግፊት ብቻ፣ ወይም የልጆች ሳንባ ምች ብቻ።

ሁለቱ አጫጭሮች

አግሪ ጂአርኤስ የአግሪ ሁለት ታናሽ ወንድም ነው። አራት ዋና ጥያቄዎች አሉት፦ የአዘገጃጀቱ ሂደት፣ አቀራረቡ፣ የተሰጠው መረጃ ሙሉነት፣ የምክሮቹ ተገቢነት። ከዚያ አጠቃላይ ግምት። ቶሎ ያልቃል። ግን አእምሮው በአግሪ ሁለት የሠለጠነ ሰው ሲሞላውና ገና ጀማሪ ሲሞላው ልዩነቱ ሰፊ ነው።

አይካሄ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። 14 ጥያቄዎች፣ መልሳቸው አዎ ወይም አይደለም። ቀኑ አለ? ማን ጻፈው? ማስረጃው ተጠቅሷል? ዓይነት ነገር ነው። ነጥብ ላይ መከራከር የለም። ቴሌግራም ላይ ሼር የተደረገ ፒዲኤፍ ሲመጣ በሻይ ሰዓት የሚያልቅ ማጣሪያ ነው። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። ማስረጃ ፈልገናል ያለ ሁሉ አዎ ያገኛል፣ ፍለጋው ደካማ ቢሆንም።

ራይት የሚባልም አለ፣ በ2017 የወጣ። እሱ መመሪያ ለሚጽፉ ሰዎች ምን ምን መግለጽ እንዳለባቸው የሚነግር ዝርዝር ነው። ጤና ሚኒስቴር ወይም የሙያ ማኅበር ውስጥ ካልሆናችሁ ተዉት።

ሚዛኖቹ የማይጠይቋችሁ

ካናዳ ወይም አውስትራሊያ የተሠራ ጥያቄ ስለ እኛ ሁሉን አያውቅም። እኔ ብሆን ከማንኛውም ሚዛን ጎን የሚከተሉትን እጨምራለሁ።

ከፍታ። ከአቃቂ እስከ እንጦጦ ያለው ሕዝብ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው የሚኖረው። ሰውነት ለዚያ ሲል በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ከተለካው ላይ ቀንሳችሁ አንብቡ ይላል። በቆየው ሰንጠረዥ 2,000 ሜትር ላይ በዴሲሊትር 0.8 ግራም ይቀነስ ነበር፤ በ2024 የወጣው ደግሞ ከዚያም በላይ ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያለች ነፍሰ ጡር 11.4 ብትለካ፣ ከፍታን የማያነሳ መመሪያ «ከ11 በላይ ነሽ፣ ደህና ነሽ» ብሎ ይሸኛታል። በድሮው ሰንጠረዥ እንኳ ብትቀንሱ 10.6 ትሆናለች። ደም ማነስ አለባት። እንግዲህ የደም ማነስ ምዕራፍ ያለውን መመሪያ ሁሉ ግለጡና ከፍታ የሚል ቃል ፈልጉ። ከሌለ፣ አግሪ ሁለት ላይ 90 ቢያገኝም ለዚህ ከተማ ጎደሎ ነው።

ወባም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በእኛ አገር ወባማ የሚባለው ባብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ነው። ነገር ግን ቃሊቲ በኩል የሚገባው ሾፌርና የቀን ሠራተኛ ከአዳማና ከመተሐራ ወዲያ ሰንብቶ ነው የሚመጣው። ትኩሳት የሚለው ገጽ ላይ «የት ሰነበትክ?» የሚል ጥያቄ መኖሩን እዩ።

የዘመን አቆጣጠር። ይሄን ፈረንጅ አይጠይቃችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2015 ድረስ ለአዋቂ የኤችአይቪ መድኃኒት ሲዲ4 (የሰውነት መከላከያ ሴሎች ቁጥር) 500 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ይጀመር ይል ነበር። በ2015 ያንን ትቶ፣ የተገኘበት ሁሉ ይጀምር አለ። አሁን ሽፋኑ ላይ 2014 የሚል ሰነድ እጃችሁ ገባ እንበል። በፈረንጆች ከሆነ ከለውጡ በፊት ነው። በእኛ ከሆነ ከለውጡ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል አልፎታል። አንዱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው ጠረጴዛ ላይ። እንግሊዝኛ መጽሐፎቹ ባብዛኛው በፈረንጆች ሲሆኑ ሰርኩላርና ደብዳቤ ግን በእኛ ነው። ዓመቱን ስትጽፉ የየትኛው እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

መድኃኒትና ሪፈር። ምክሩ የሚለው መድኃኒት ለጤና ጣቢያ ከተፈቀዱት ውስጥ ነው? ወይስ ታካሚው ከፋርማሲ ፋርማሲ ሊዞር ነው? ሪፈር ሲልስ ወዴት ነው? አንዳንድ መጽሐፍ «ስፔሻሊስት አማክር» ብሎ ያልፋል፣ ስፔሻሊስቱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጠ ይመስል። ከከተማ ዳር መሐል ከተማ ድረስ ያለውን የታክሲ ሰልፍና የመንገድ መጨናነቅ የሚያውቅ መመሪያ፣ ከመላክ በፊት ምን መደረግ እንዳለበት ይነግራል። የመጀመሪያው መርፌ፣ ፈሳሽ፣ ኦክስጅን።

ቋንቋንም አትዝለሉ፣ በተለይ በዳር ሰፈር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ታካሚው አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ነው የሚናገረው። ለታካሚው የሚነገረውን ቀለል አድርጎ ያስቀመጠ መመሪያ ከእኔ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል።

የቱን ማን ይምረጥ?

ሁለት ሦስት ባለሙያ ብቻ ያለው የግል ክሊኒክ አግሪ ሁለትን አይሞክር። ጊዜውም ሰውም የለም። አይካሄ ለማጣሪያ፣ ከዚያ ከላይ ያልኳቸው የአካባቢ ጥያቄዎች ይበቃሉ። አገራዊው መመሪያ መነሻ ይሁን። ከሱ የምትወጡት ምክንያታችሁን መጻፍ ስትችሉ ብቻ ነው።

የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ያለው ጤና ጣቢያ ደግሞ ሬክስን ይያዝ። በየጊዜው አንድ ርዕስ፣ ብዙ ታካሚ የሚመጣበትን። ከአግሪ ሁለት የአዘገጃጀት ጥንቃቄን ስምንት ጥያቄዎች ብቻ ጎን ለጎን ቢሞሉ መልካም ነው። ሙሉው ውጤት ነው ብለው ግን አያውጁ።

ሆስፒታል፣ ክፍለ ከተማ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚዘጋጅ ተማሪ ከሆናችሁ ሙሉው አግሪ ሁለት ነው። እዚያ ማቋረጫ መንገድ የለም። አራት መዛኝ ፈልጉ። ከመመሪያው አዘጋጆች መካከል የነበረ ሰው መዛኝ አይሁን፤ ቢያንስ ያሳውቅ።

ጂአርኤስን ለማን ልስጠው? እውነቱን ለመናገር ብዙም አይስበኝም። አግሪ ሁለትን ደጋግሞ ለሠራ፣ አሁን ብዙ መመሪያ በአንድ ጊዜ ለቀረበለት ሰው ይሆናል።

ስትቀመጡ

እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ይሙላ፣ ከዚያ ይሰብሰብ። የኮሚቴው ሰብሳቢ «ይሄማ 6 ነው» ካለ በኋላ ጁኒየር ነርሷ 2 ብላ አትጽፍም። ይሉኝታ አለ። ወረቀቱ ተሰብስቦ፣ ነጥቦቹ ሰሌዳ ላይ ስም ሳይጠቀስ ይጻፉ። ሁለት ሰው በሰፊው ሲለያዩ አማካይ ወስዳችሁ አትለፉ። መጽሐፉ ይገለጥ፣ ገጹ ይታይ። ብዙ ጊዜ አንደኛው ያላየው አባሪ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ከዚያ ነጥቡን መለወጥ የፈለገ ይለውጥ፣ ያልፈለገም ይተው።

ፋርማሲስቱ ከመጀመሪያው ይኑር። የስቶኩን ነገር የሚያውቀው እሱ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዋም እንዲሁ። አበል የሌለው ስብሰባ ሰው አይመጣበትም የሚሉ አሉ፤ አንድ ርዕስ ብቻ ከያዛችሁና በሰዓቱ ካበቃችሁ ግን ይመጣል።

ውጤቱ አገራዊውን መመሪያ ለመጣል ፈቃድ አይሰጣችሁም። ጤና ጣቢያ የመንግሥትን መመሪያ በራሱ አይሽርም። ማድረግ የሚቻለው፣ ክፍተት የታየበትን ቦታ በአንድ ገጽ ማስፈር ነው። ለምሳሌ፦ «የነፍሰ ጡር ሄሞግሎቢን ሲነበብ ለከፍታ ይቀነስ፣ በዚህን ያህል።» ኮሚቴው ይፈርምበት። ኦፒዲና የእናቶች ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ግልባጩ ሱፐርቪዥን ለሚመጣው የክፍለ ከተማ ቡድን ይሰጥ፤ ቀጣዩን ዕትም ለሚያዘጋጁት የሚደርሰው በዚያ መንገድ ነው። ከታች ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፣ ድጋሚ የሚታይበት ጊዜም አብሮ።